ድሬዳዋ ዳር የሚሸጥ ቤት ከመግዛትዎ በፊት እንዴት ይመረመራል?

ድሬዳዋ ላይ ለሽያጭ የቀረበ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ለገዢ የሚታየው በማለዳ ነው። ግቢው ተጠርጎና ውኃ ተርከፍክፎበት፣ በረንዳው ገና ጥላ ሳለ፣ አየሩም ሳይግል፣ ደላላው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ «ይግቡ፣ እንደ ቤትዎ ይዩት» ይላል። በዚያ ሰዓት ዓይን የማይገባ ቤት የለም። ገዢው ግን በዚያ ቤት የሚኖረው በማለዳ ብቻ አይደለም፤ በሰኔ ቀትር፣ በነሐሴ ሌሊት፣ የቧንቧ ውኃ በተቋረጠበት ሳምንት፣ መብራት በጠፋበት ምሽትም ይኖርበታል። ለቤተሰቤ መኖሪያ ስፈልግ ከሳቢያን እስከ ጎሮ፣ ከፖሊስ መሬት እስከ መልካ ጀብዱ ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ከዚያም ወዲህ ዘመድ ወይም ወዳጅ ሊገዛ ሲነሣ አብሬ እሄዳለሁ። ከዚያ ሁሉ መመላለስ የያዝሁት መመሪያ፣ ቤት የሚመረመረው በክፉ ሰዓቱ ነው የሚል ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ያንን ክፉ ሰዓት ገንዘብ ከመክፈል በፊት ፈልጎ ስለ ማግኘት ነው።

መሬቱና ጎርፉ

ቤቱን ከማየትዎ በፊት የተቀመጠበትን መሬት ይመልከቱ። ድሬዳዋ በስተደቡብ ካለው ደጋ ግርጌ፣ ጎርፍ ለዘመናት ተሸክሞ ባወረደው አሸዋና ደለል ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ደቻቱንና ጎሮን የመሰሉት ወንዞቿ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደርቀው ስለሚታዩ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ወንዝ መሆናቸውንም ላያውቅ ይችላል፤ ሰው ይሻገርባቸዋል፣ ይነግድባቸዋል፣ የግንባታ አሸዋ ይጭንባቸዋል። ከተማው ውስጥ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ እንኳ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሕዝቡ በተኛበት የመጣው የደቻቱ ሙላት ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በሺዎች የሚቆጠሩትንም ከቤታቸው አፈናቅሏል። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ሆኖም ከተማዋ ወደ ዳር በሰፋች ቁጥር በትናንሾቹ የጎርፍ መውረጃዎች አጠገብም ቤት እየተሠራ ስለሆነ፣ በዋናው ወንዝ ላይ ግንብ መኖሩ ለሚገዙት ቤት ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ በቅርብ ያለውን ደረቅ ወንዝ ወይም የጎርፍ መውረጃ ፈልገው ዳር ዳሩን ወደ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል በእግርዎ ይሂዱ። ቁጥቋጦዎቹንና የአጥር ሽቦዎቹን ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ፌስታል፣ ጭራሮና ደረቅ ሣር ተጠምጥሞባቸው ካዩ፣ የተጠመጠመበት ከፍታ ያለፈው ጎርፍ የደረሰበት ከፍታ ነው። ያንን ከቤቱ ደፍ ጋር ያነጻጽሩት። መንገዱንም አብረው ይዩ፤ ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ስለሚል፣ በፊት ከመንገዱ በላይ የነበረ ግቢ ዛሬ ከመንገዱ በታች ቀርቶ ውኃ የሚያቁርበት ጊዜ አለ። ከደጁ ወደ ግቢው ሲገቡ ቁልቁል የሚረግጡ ከሆነ፣ የዝናቡ ውኃ በየት በኩል እንደሚወጣ ባለቤቱ በጣቱ ያሳይዎት።

ጎሮ አካባቢ ያየሁትን አንድ ቤት ልጥቀስ። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ሦስት መኝታ ክፍል ያለው፣ ዋጋውም ከአካባቢው ዝቅ ያለ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሶኬቶቹ ሁሉ በደረት ቁመት ተተክለው አየሁና ምክንያቱን ብጠይቅ «ልጆች እንዳይነኩት ነው» ተባልሁ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ግን ከአልጋው ጀርባ አንድ አሮጌ ሶኬት በታች ቀርቶ ነበር። ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተን ክዳኑን በካቻቪቴ ስፈታው፣ ከግድግዳው ውስጥ እንደ ዱቄት የላመ የወንዝ አሸዋ እጄ ላይ ፈሰሰ። ስወጣ አጥር የሚጋሩት እናት «ልጄ፣ ያ ግድግዳ ስንት ጊዜ እንደተቀባ የማውቀው እኔ ነኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሶኬቱን ሳላይ፣ ጎረቤቱንም ሳልጠይቅ ከማንም ግቢ አልወጣም። የግድግዳው የታችኛው አንድ ሜትር ብቻ በአዲስ ልስን ወይም ቀለም ከታደሰ፣ የእንጨት በሮቹ እግራቸው ካበጠ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አግድም መስመር ከታየ፣ ሌላ ማስረጃ እስኪያገኙ ድረስ ቤቱ ውኃ ገብቶበት ያውቃል ብለው ይያዙት። እንዲህ ያለውን ቤት በምንም ዋጋ ቢሆን አልመክርም፤ ዋጋው የቀነሰው በሚጠገን ጉድለት ሳይሆን በቦታው ምክንያት ነውና።

የሚጠጣው ውኃ

የድሬዳዋ ውኃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶች ከተማዋን ለረጅም ዘመን አጠጥተዋል። ውኃው ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ሲፈላ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። የሻጩን የሻይ ማንቆርቆሪያ ከፍተው ውስጡን ቢያዩ ነውር የለበትም፤ ቅርፊቱ እንደ እንቁላል ልጣጭ ከወፈረ፣ ያው ቅርፊት በቧንቧው፣ በሻወሩ ወንፊትና በውኃ ማሞቂያው ውስጥም አለ ማለት ነው። ሁሉንም ቧንቧዎች በአንድ ጊዜ ከፍተው የውኃውን ጉልበት ይመልከቱ፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው የሚደክም ከሆነ የቆየው የብረት ቧንቧ ውስጡ ጠቧል፤ መቀየሩም ግድግዳና ወለል መስበርን ይጠይቃል።

ውኃ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ሻጩን ሳይሆን ጀሪካን ተሸክመው የሚያልፉትን ልጆች ወይም የሠፈሩን ባለሱቅ ይጠይቁ። ሮቶ ካለ ስንት ሊትር እንደሚይዝና የቆመበት ማማ ዝገቱ ምን ያህል እንደሆነ ያረጋግጡ። ለስድስት ሰው ቤተሰብ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ውኃ ለአራት አምስት ቀን በሚጠፋበት ሠፈር አይበቃም። በግቢው ውስጥ የግል ጉድጓድ መኖሩ እንደ ትልቅ ጥቅም ተቆጥሮ ዋጋ ላይ ሲጨመር አይቻለሁ። ለአትክልትና ለእጥበት በእርግጥ ጥሩ ነው። ለመጠጥ ግን በላቦራቶሪ ሳይመረመር መታመን የለበትም፤ ከመጸዳጃ ጉድጓዶች የሚሰርገው ፍሳሽ በከተማዋ ከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ናይትሬት እንዲበዛ ማድረጉ በምርመራ የታወቀ ነው። ናይትሬት ደግሞ ውኃውን በማፍላት የሚወገድ አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳውም ጨቅላ ሕፃናትን ነው።

የመጸዳጃውን ጉድጓድ ነገር በአጭሩ ልበል። የት እንዳለ፣ መቼ እንደተመጠጠ፣ የፍሳሽ መኪናው ቱቦ ከመንገዱ ተነሥቶ ሊደርስበት ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። አዲስ ሊሾ ተደርጎበት አፉ የተደፈነ ጉድጓድ ነገ ወለል የሚያስቆፍር ነው።

ሙቀቱ

ቤቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያዩ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይሂዱ፤ ሻጩ «በማለዳ ይሻላል» ቢልም አይስማሙ። በምዕራብ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ከውስጥ መዳፍዎን ያሳርፉ። ከዚያ በዚያው ቀን ምሽት 3 ሰዓት ላይ ተመልሰው ያንኑ ቦታ ይንኩት። በብሎኬት የተሠራ፣ ጥላ የሌለው የምዕራብ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ውስጥ ይተፋል፤ መኝታ ክፍሉ በዚያ ወገን ከሆነ ቤተሰቡ ግንቦትንና ሰኔን ግቢ ውስጥ አንጥፎ ማደሩ አይቀርም። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቃ ስለምትገኝ፣ በእነዚህ ሞቃት ወራት የቀትር ፀሐይ በትንሹ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ በሰሜን በኩል ያለ መስኮት ጥላ አለው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ እዚያም በረንዳ ወይም ዛፍ ያስፈልጋል።

ባቡሩ በመጣበት ዘመን የተሠሩትን የከዚራ ቤቶች ያየ ሰው ለዚህ አገር ምን ዓይነት ቤት እንደሚስማማ ያውቃል፦ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች፣ ደጅ ላይ የኒም ዛፍ። የዛሬው የዳር ቤት እነዚህን ሁሉ አያሟላም፤ ግን ከኮርኒሱ እስከ ቆርቆሮው ያለው ክፍተት አየር የሚወጣበት ቀዳዳ እንዳለው፣ የኮርኒሱ ከፍታ 3 ሜትር እንደሚሞላ፣ ነፋስ ከአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው እንደሚወጣ ማየት ይቻላል። ክብሪት ጭረው ጭሱን መከተል ይበቃል። ቀን ሙሉ በቬንትሌተርና በኤር ኮንዲሽነር ብቻ የሚኖርበት ቤት፣ መብራት በጠፋ ጊዜ መኖሪያነቱ ያቆማል።

ግንባታው

ዕቃው ቀላል ነው፦ ቱንቢ፣ ውኃ ልክ፣ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ። በየማዕዘኑ ቱንቢ ይጣሉ፤ ግድግዳው ካዘነበለ ወዲያው ይታያል። ስንጥቅ ሁሉ አያስፈራም፤ በልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው ቀጭን ስንጥቅ የሲሚንቶው መድረቅ ያመጣው ነው። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ የአንድ ብር ሳንቲም ጠርዝ የሚያስገባ፣ በውጭም በውስጥም በአንድ ቦታ የሚታይ ስንጥቅ ግን የመሠረት መስመጥ ምልክት ሊሆን ይችላል። በደለል መሬት ላይ ከአሸንዳ የሚወርደው ወይም ከተቀደደ ቧንቧ የሚፈሰው ውኃ ለብዙ ዓመት በአንድ ማዕዘን ሲጠራቀም መሠረቱን ያሰምጣል። ስለዚህ ስንጥቁን ባዩ ጊዜ ዓይንዎን ወዲያው ወደ አሸንዳው ያንሡ።

«መሠረቱ ለጂ+2 የተጣለ ነው» የሚለውን ቃል በዳር ሠፈሮች ሁሉ ይሰሙታል፤ ዋጋውም በዚሁ ቃል ከፍ ይላል። ቃሉን አይግዙ። የጸደቀውን የስትራክቸር ፕላን ይጠይቁ፤ ጣሪያው ላይ ወጥተው ከኮለኖቹ ጫፍ የቀሩትን ፌሮዎች ይቁጠሩ፣ ውፍረታቸውንም ይለኩ፤ ከዚያ ከፕላኑ ጋር ያስተያዩት። ፌሮው ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ቅርፊት እስኪያነሣ ከዛገ እንዲሁ ሊቀጠልበት አይችልም። ፕላን የሌለው «ለጂ+2 የተጣለ መሠረት» በዋጋ ስሌት ውስጥ እንደ ተራ መሠረት ይቆጠር። ከተማዋ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ብዙ የማትርቅ ስለሆነች የኮለንና የቢም አያያዝ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን ለሁላችን አስታውሷል።

ምስጥን በቁልፍ ይፈልጉ። የበሩን ጉበንና የጣሪያውን ማገር ከታች እስከ ላይ በቁልፍ ጫፍ ቆርቆር ሲያደርጉት፣ ደንዳናው እንጨት ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ጭቃ ቤት በኖራና በሲሚንቶ ተለስኖ ብሎኬት መስሎ የቀረበበት አጋጣሚም ስላለ፣ ሶኬት በተከፈተበት ወይም ኮርኒስ በተነሣበት ቦታ የግድግዳውን ሆድ ይዩ። እዚህ ድረስ ካለፈ፣ ለአንድ ሲቪል መሐንዲስ የግማሽ ቀን ድካሙን ከፍለው ቤቱን ያሳዩት። ይህን ክፍያ የሚቆጥቡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ግን ኢምንት ነው።

ወረቀቱ

አሁን የደረስነው ብዙ ሰው ከቆመ ቤት ላይ የወደቀበት ቦታ ነው። መሬት በኢትዮጵያ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ የሚገዙት ቤቱን ነው፣ ከቤቱ ጋር የሚተላለፈው ደግሞ ቦታውን የመጠቀም መብት ነው። በከተማው ዳር ከአርሶ አደር ላይ በሽማግሌና በምስክር ፊት በተጻፈ ወረቀት የሚገዛ ቦታ፣ በላዩ ላይ የተሠራው ቤት የቱንም ያህል ቢያምር፣ የባለቤትነት ሰነድ የለውም። የጨረቃ ቤት በአንድ ቀን ትእዛዝ ሊፈርስ ይችላል፤ ካሣም ለመጠየቅ አያስችልም። የቀበሌ ቤት ቁልፍ በገንዘብ መቀበልም እንዲሁ ነው፤ ገዢው የሚያገኘው ቤት ሳይሆን ከሰሳ ነው። «ሰነዱ በሂደት ላይ ነው፣ በቅርቡ ይወጣል» የሚባል ቤት ከሆነ፣ ሲወጣ እገዛለሁ ብለው በትሕትና ይሰናበቱ።

ሰነድ ያለው ቤት ሲያገኙ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ቅጂ ይዘው፣ ከሻጩ ጋር አብረው ወደ መሬት አስተዳደር ይሂዱ። በማኅደሩ ውስጥ ያለው ካርታ በእጅዎ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ በቤቱ ላይ የባንክ መያዣም ሆነ የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን፣ በጽሑፍ የተረጋገጠ መልስ ይጠይቁ። «ከዕዳና ከእገዳ ነፃ» የሚለውን ደብዳቤ ሻጩ ቀድሞ አውጥቶ ቢያቀርብልዎትም ቀኑን ይመልከቱ፤ የሦስት ወር ደብዳቤ የዛሬን እገዳ አይነግርም። ከዚያ ሜትር ይዘው ግቢውን ራስዎ ይለኩት። በካርታው 200 ካሬ የተባለ ግቢ በአጥር 260 ካሬ ሆኖ ከተገኘ፣ የተጨመረው 60 ካሬ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም። ሰርቪስ ቤቶቹ የቆሙት በዚያ ትርፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ከእነርሱ አገኛለሁ ያሉት ኪራይ በሙሉ አደጋ ላይ ነው። ለሰርቪሶቹ የግንባታ ፈቃድ መኖሩንም ይጠይቁ።

ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ከመንግሥት የተያዘ)? ይህ ጥያቄ በዋጋው ላይ በቀጥታ ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ በሆነ መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ሥሪት ይገባል፤ እንግዲህ ሻጩ ሲከፍል ያልነበረውን የሊዝ ክፍያ ገዢው ይከፍላል ማለት ነው። ሊዝ ከሆነም ከጠቅላላው ክፍያ ምን ያህሉ እንደቀረ፣ ውዝፍ እንዳለ፣ የግንባታ ማጠናቀቂያው ጊዜ አልፎ እንደሆነ ይረጋገጥ። ቀሪውን ክፍያ ማን እንደሚሸከም በቃል ሳይሆን በውሉ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ።

የሻጩ ማንነት ሌላው ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ የፌዴራሉ ሕግ በቀጥታ የሚሠራባት ከተማ ናት፤ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት የባልና የሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ሚስትን ከመብቷ አያስወጣትም፤ ሻጩ ያላገባ ወይም የተፋታ ከሆነ ይህንኑ የሚያስረዳ ማስረጃ ያቅርብ። የውርስ ቤት ከሆነ በፍርድ ቤት የተረጋገጡት ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ፤ ጂቡቲ ወይም ዓረብ አገር ያለ አንድ ወንድም «እሱ ችግር የለበትም» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ፣ ውክልናው ቤት የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ የሚሰጥ መሆኑን፣ አለመሻሩንና ወካዩም በሕይወት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ወካይ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይቀራልና። ለእኔ ወካዩን በስልክ በቪዲዮ አግኝቶ ፊት ለፊት ማነጋገር የማይታለፍ ነገር ነው።

ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ዋጋውን ለመመዘን ቤቱንና ቦታውን በሐሳብ ይለያዩዋቸው። አንድ ልምድ ያለው ፎርማን ይህንኑ ቤት ዛሬ በዛሬ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ለመሥራት ስንት እንደሚፈጅ ይገምትልዎት፤ ከዚያ ላይ ለእርጅናውና ለሚያስፈልገው ጥገና ይቀንሱ። ከተጠየቀው ዋጋ ይህን ሲያነሡ የሚቀረው ለቦታው የሚከፍሉት ነው። ያ ቀሪ በዚያው ሠፈር በቅርቡ በእርግጥ ከተሸጡ ሦስት ቤቶች ጋር ሲተያይ ከበዛ፣ ለሻጩ የመደራደሪያ ቃልዎ ይኸው ነው። ልብ ይበሉ፤ ሻጮች የጠየቁት ዋጋና ቤት የተሸጠበት ዋጋ የተለያዩ ናቸው።

ለኪራይ የሚገዛ ሰው ስሌቱን በወረቀት ያስቀምጠው። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ቤቱ 8,000,000 ብር ተገዝቶ በወር 30,000 ብር ቢከራይ፣ በዓመት 360,000 ብር ይገባል። አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ 30,000፣ ለቀለም፣ ለቧንቧና ለጉድጓድ 40,000፣ ለኪራይ ገቢ ግብር፣ ለሊዝና ለመሰል ክፍያዎች 50,000 ቢነሣ የሚቀረው 240,000 ብር ነው፤ ይህም ከዋጋው 3 በመቶ ብቻ ነው። ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ ኪራይ ብቻውን ቤት መግዛትን አያጸድቅም። ሰው ቤት የሚገዛው ብሩ በዋጋ ንረት ሲሟሟ ቤቱ ዋጋውን ይይዛል ብሎ ነው፤ ይህም ምክንያት ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን ትክክል የሚሆነው ቦታው ጥሩና ሰነዱ ንጹሕ ሲሆን ነው። ጎርፍ የሚገባበት ወይም ካርታው የሚያወዛግብ ቤት ዋጋ የሚጨምርለት ገዢ አያገኝም።

ሰርቪስ ክፍሎችን ለየብቻ ማከራየት ስሌቱን ያሻሽላል። በምሳሌው ቤት ላይ አራት ክፍል እያንዳንዱ በወር 4,000 ብር ቢከራይ በዓመት 192,000 ብር ይጨምራል። ነገር ግን አራት ቤተሰብ በአንድ የውኃ ቆጣሪ፣ በአንድ መጸዳጃና በአንድ ሮቶ ሲገለገል ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፣ የመብራት ሒሳብም በየወሩ ያጨቃጭቃል፤ ግቢው ውስጥ አብረው የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ የቤተሰብዎ ዕረፍት ይነካል። የኪራይ ጭማሪንም በራስ ውሳኔ አድርጎ ማሰብ አሁን አይሠራም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ አድርጓል፤ ጭማሪም በመንግሥት በሚገለጸው መጠን ብቻ ነው። ቤቱ ተከራይ ያለበት ከሆነ ውሉን ያንብቡ፤ ቅድመ ክፍያው በማን እጅ እንዳለም ይወቁ።

ተከራይ ከየት ይመጣል? ኢንዱስትሪ ፓርኩና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጠና፣ ዩኒቨርሲቲው፣ አዲሱ የባቡር መስመር በተደጋጋሚ ይጠቀሳሉ፤ ሁሉም እውነተኛ ናቸው። ነገር ግን የፓርኩ መኖር በመልካ ጀብዱ ያለውን ቤት ሁሉ አያከራይም። ሠፈሩን በሁለት ሦስት ምሽት ይዙሩ፤ ሰው ስለሌለባቸው መብራት የማይበራባቸውን ቤቶችና «የሚከራይ ቤት» የተጻፈባቸውን በሮች ይቁጠሩ፤ ባለሱቁን ባዶ የሚቆዩት ስንት ወር እንደሆነ ይጠይቁ። ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገባም ይወቁ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ባጃጅ እምቢ የሚልበት ሠፈር ነርስና መምህር ተከራይ አያገኝም።

ውልና ክፍያ

የደላላውን ድርሻ ቤቱን ከማየትዎ በፊት ይስማሙበት። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ከላይ ያለው የሰነድ ማጣራት ማለቅ አለበት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል፤ ቀብድ የተሰጠበት ወረቀትም ይህንኑ ይግለጽ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ ስላለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723)፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ያልቀረበ ውል ይዞ ቤት ገዛሁ ማለት አይቻልም። ውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ በእርግጥ የተከፈለው ይሁን። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ግማሹ ብቻ ከተጻፈ፣ ነገ ሽያጩ በፍርድ ሲፈርስ ገዢው የሚመለስለት የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ይህ በቅርብ ዘመዴ ላይ የደረሰ ነው፣ ቀሪውን ገንዘቡን እስከ ዛሬ አላገኘም።

ክፍያው በባንክ በኩል ወይም በሲፒኦ (ባንኩ ራሱ ለክፍያው ዋስ በሚሆንበት የክፍያ ማዘዣ) ይሁን፤ ከዋጋው አንድ ክፍል ስም እስኪዛወር ድረስ እንዲቆይ በውሉ ይጻፍ። ቤቱን በሚረከቡበት ቀን የመብራቱንና የውኃውን ቆጣሪ ንባብ ከሻጩ ጋር አብራችሁ ጽፋችሁ ፈርሙበት፤ ያልተከፈለ ሒሳብ ካለ እዚያው ይከፈል፤ ቆጣሪዎቹም በስምዎ እንዲዞሩ ማመልከቻው ያን ዕለት ይግባ። ቁልፉን ከተቀበሉ በኋላ የበሮቹን ሲሊንደር ይቀይሩ፣ ሮቶውን አሳጥበው ይሙሉ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ለትም በአሸንዳዎቹ ሥር ባትሪ ይዘው ይዙሩ።